ቅርጫቱ ሳይጠረግ

«ስልኳስ?» አለ ኒዛር።

ሀኪማ የሴቶቹን ክፍል ከመተላለፊያው የሚለየውን መጋረጃ በአንድ እጇ ገለጥ አድርጋ፣ በሌላው የሻይ ትሪ ይዛ፣ ዓይኗን ከብርጭቆዎቹ ላይ አላነሳም አለች። ከኋላዋ ከድሬዳዋ የመጡትም፣ ከጅቡቲው ካርቲየ 3 ሰፈር የመጡትም፣ የዚያው የካርቲየ 6 ጎረቤቶችም ፍራሽ ላይ ተደርድረው ያወራሉ። ወሬው ለቅሶ ቤት እንደሚወራው ነው፤ ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ አይቋረጥም።

«ሀኪማ፣ አንቺን እኮ ነው። የሱሪያን ስልክ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀምጬው ነበር። የለም።»

«እማማን ጠይቃቸው።»

«እኔ አንቺን ጠየቅሁሽ።»

ሀኪማ የሟች ሚስቱ የአክስት ልጅ ናት። ለኒዛር ደግሞ እንደ ታናሽ እህት ስለሆነች መዋሸት አትችልበትም። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችና መጋረጃውን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ሰደቃ ወጥቷል» አለች። «ከልብሶቿ ጋር። እማማ ናቸው ትናንት ለበለጡ የሰጧት፤ ፈረንሳዮቹ ቤት ለምትሠራው ልጅ።»

የልብሱን ነገር ኒዛር ያውቃል። የሟች ልብስ በጊዜ ለችግረኛ ይወጣል፣ ምንዳውም ለሟች ይደርሳል፤ ደንብ ነው። አማቱ ማይሙና ሲጠይቁትም «ያውጡት» ያላቸው ራሱ ነበር። ስልክ ግን ልብስ ነው እንዴ?

«ደግ። ስልኩ የበለጡ ይሁን። ውስጡ ያለውን ብቻ ገልብጬ እመልስላታለሁ።»

«ውስጡ ምንም የለም፣ ኒዛር።» አሁን ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «ፎቶውንም ቪዲዮውንም አጥፍተነዋል። ማለቴ፣ እጁ የኔ ነው። እማማ ‹ፀጉሯን ገልጣ ነው ያለችው፤ አፈር ከለበሰች በኋላ የሰው ዓይን መጫወቻ ትሁን? እዚያ ሆና ትጠየቅበት?› አሉኝ። እንደዚያ እያለቀሱ እንዴት አድርጌ እምቢ ልበላቸው?»

ውጭ ከድንኳኑ የቁርዓን ድምፅ ይመጣል። በር ላይ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጃቸው ኢማን የለቀስተኛውን ጫማ እያፈራረቀች ታስቀምጣለች፤ ከትናንት ጀምሮ አንዱን የራሷን፣ ሌላውን የሰው ተጫምታ የሄደች ሴት ቁጥር የላትም። ኒዛር ልጁን አየ። ለዚህች ልጅ ከእናቷ ሊያቆይላት የሚችለው ስልኩ ውስጥ የነበረውን ብቻ ነበር።

መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። በመጀመሪያ የቃጣው መሳቅ ነው። ክላውድ! እንዴት ረሳው? ባለፈው ረመዳን የሱሪያ አሮጌ ስልክ ከልብስ ጋር ታጥቦ ውስጡ የነበረው ሁሉ ሲጠፋ፣ አዲሱን ክላውድ ከሚባለው የኢንተርኔት ማስቀመጫ ጋር ያገናኘላት እሱ ራሱ ነበር። ያነሳችውና የቀረጸችው ሁሉ በራሱ ጊዜ ወደዚያ እየወጣ ይቀመጣል። «ከእንግዲህ ስልክሽ ባሕር ቢገባም የሚጠፋብሽ የለም» ብሏት ነበር፣ ክላውድን የፈጠረው ሰው ይመስል ደረቱን ነፍቶ።

ላፕቶፑን ሲከፍት ሳቁ እዚያው ሞተ። ያገናኘው እሱ ነውና ሕጉንም ያውቀዋል። ሁለቱ የተሳሰሩ ስለሆኑ ስልኩ ላይ የተደመሰሰ ክላውዱም ላይ ይደመሰሳል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባል የለ? ክላውድ ግን በዚህ ነገር ከውሃ ይሻላል፤ የተደመሰሰውን ቅርጫት ውስጥ ጥሎ ለተወሰኑ ሳምንታት ያቆየዋል። አንድ ሰው ቅርጫቱን ካልጠረገው በቀር እንዳለ ይመለሳል። እና የሱሪያ ቪዲዮዎች አሁንም አሉ ማለት ነው። የቀረው መግባት ብቻ ነው።

የኢሜይል አድራሻዋን ጻፈ። ፓስወርድ ሲጠየቅ የልጃቸውን ስም ሞከረ። አይደለም። ስሙን ከተጋቡበት ዓመት ጋር አጣመረ። አሁንም አይደለም። አንድ ቀን ፓስወርዷን ሲጠይቃት «ለምን ፈለግኸው? ፖሊስ ነህ?» ብላ ስቃበት ነበር፤ ያን ጊዜ እሱም አብሮ ስቆ ነበር። የድሮ ሰፈሯን ስም ሲሞክር ማሽኑ ትዕግሥቱ አለቀና፣ የመለያ ኮድ ወደ ሱሪያ ስልክ ልኬያለሁ፣ ኮዱን አስገባ አለው።

ቁጥሯን ደወለ። ከመሞቷ ወዲህ ሲደውልላት የመጀመሪያው ነው። ጣቱ በለመደው ቦታ ሄዶ ስሟን ሲነካ ልቡ ለአፍታ ታለለና ጠበቀ። ተጠቃሚዋን ማግኘት አልተቻለም አለች አንዲት ሴት፣ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ፣ ቀጥላ በሶማሊኛ።

ሱሪያን ሰው የሚያውቃት በዝምታዋ ነው። ሠርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት ጥግ ይዛ የምትቀመጥ፣ ሲያናግሯት ብቻ የምትመልስ፣ ሻርፗ ከግንባሯ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ የማያውቅ ጨዋ የጨዋ ልጅ። ኒዛርም ሲያገባት ያገባ የመሰለው እሷን ነበር። በሩ ሲዘጋ ግን ሌላ ሴት ሆነች። ሰው ማስመሰል ትችልበታለች። ማስመሰል ስንል ደግሞ ድምፅ መቅዳት ብቻ አይደለም፤ ሰውየውን ራሱን አምጥታ ሳሎን መሃል ታስቀምጠዋለች። ጫት ሻጯን ታመጣለች፣ የወደቡን ጉምሩክ ሹም ታመጣለች፣ ስለ ሙቀቱ የሚያወራውን የሬዲዮ ሰውዬ ታመጣለች። ኒዛር የትራንዚት ሠራተኛ ነውና ከሳምንቱ ግማሹን ከሾፌሮች ጋር ድንበሩ ጋላፊ ላይ ያሳልፋል። እሱ በሌለበት የታያትን ሁሉ ሻርፗን ጥላ፣ ፀጉሯን በትና፣ በስልኳ ትቀርጽና ሲመለስ ጎኑ ተቀምጣ ታሳየዋለች። ላኪልኝ ብሎ ለምኗት ነበር። «አላደርገውም» አለችው። «ያንተ ስልክ በሾፌር ሁሉ እጅ ይዞራል። ይሄ የቤታችን ነው።»

ይህን ማስታወሱ ምቾት ነሳው። ማይሙና ያሉትን በሌላ ቃል እሷም ብላው ነበር ማለት ነው።

የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ጣውላ ነውና ከሴቶቹ ክፍል የሚወራ አያመልጥም። የማይሙናን ድምፅ ሰማ።

«ኒዛር ምን ፈልጎ ነው?»

«ስልኩን።» ሀኪማ ነች። «እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ያጠፋነው ጨርሶ አልጠፋም። ቅርጫት ውስጥ ነው ያለው። ስልኩን ካገኘ ይመልሰዋል።»

«የማን ቅርጫት?»

«ክላውድ ላይ ነው፣ እማማ።»

«ክላውድ የማን ቤት ነው?»

ሀኪማ ይህን ለማስረዳት ትንሽ ታገለች። አሮጊቷ እስክትጨርስ ጠበቋትና ረጋ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «እንግዲያው ቅርጫቱም ይጠረግ። ልጄን በሰው ቤት ቅርጫት ውስጥ ራሷን እንደገለጠች ትቼ ድሬዳዋ አልገባም። በለጡን ፈልጊያት። አሁኑኑ።»

ኒዛር ጫማውን ሲፈልግ አንዱን ብቻ አገኘ። ሌላውን ኢማን ውሃ በርሜሉ ሥር ወሽቃዋለች።

ድንኳኑ ደፍ ላይ ሐጂ ጀላሉዲን ያዙት። የሱሪያ አጎት ናቸው፤ የቁርዓኑን ንባብ የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

«ወዴት ነው?»

«ለልጅቷ የሚያስፈልግ ነገር አለ፣ ሐጂ።»

«ሰው ላክ። ለቀስተኛው አንተን ሊያጽናና ተቀምጦ አንተ ከድንኳን ስትወጣ ምን ይባላል?»

«ይሄ በሰው የሚላክ አይደለም።»

ሐጂ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ዙሪያውን የተቀመጡት ወንዶች ተምር ማላመጣቸውን አቆሙ። የሚስቱ መቃብር ገና ሳይደርቅ ወደ ከተማ የሚወጣ ባል ለወሬ ይመቻል፤ ኒዛር ያንን በጀርባው እየተሰማው ወጣ።

የሐምሌ ጅቡቲ ናት። ነፋሱ ከበረሃው አሸዋ እየዛቀ ፊት ላይ ይበትናል። አርብ ስለሆነ መስጊዱ ሊሞላ ነው፤ ከጁምዓ በኋላ ደግሞ ጫት ይገባና ከተማው በሙሉ በጎኑ ይጋደማል። ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። ታክሲው በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጥግ ሲያልፍ የሰፈሩ ልጅ የሆነው ሾፌር «አላህ ይርሐማት፣ ጽናቱን ይስጥህ» አለው በሶማሊኛ፤ ኒዛር አሜን አለና ፍጠንልኝ ብሎ ለመነው፤ መንገዱን የሞላው የጁምዓ ሰጋጅ ግን እስኪበተን አቆማቸው።

በለጡ በእረፍት ቀኗ ካርቲየ 3 ውስጥ ከአገሯ ልጆች ጋር በተከራየችው ክፍል ነው የምትውለው። ሲያንኳኳ ራሷ ከፈተች። ኒዛር ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ። ልጅቷ የሱሪያን ቢጫ ሽቲ ለብሳለች፤ ያ ስስ ሰፊ ቀሚስ፣ ደረቱ ላይ አበባ ያለበት።

«ውይ በሞትኩት!» አለች በለጡ ወዲያው ሁኔታው ገብቷት። ሻርፕ አንስታ ተከናነበችበት። «ይግቡ ጋሼ ኒዛር። የሚያዩኝ አልመሰለኝም እኮ፤ እማማ ዛሬውኑ ልበሺው፣ ምንዳው ቶሎ ይደርሳታል ስላሉኝ ነው።»

«ይሁን፣ ልክ ነሽ። ስልኩን ፈልጌ ነው፣ በለጡ። ልወስድብሽ አይደለም፣ ያንቺ ነው። ለትንሽ ጊዜ ብቻ።»

የበለጡ ፊት ተለወጠ። «ሀኪማም ቅድም ደወለችልኝ። ምንድን ነው ነገሩ?»

«ስልኩ የት ነው?»

«ሙሕሲን ጋ፣ ሞባይል የሚሠራው። በፈረንሳይኛ ነው፣ አልገባኝም አልኩት። ‹ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ አደርግልሻለሁ፣ አማርኛም እጭንልሻለሁ› አለኝ። ሲሟንም አውጥቶ ጣለው። አጠፋሁ?»

ኒዛር በሩን ተደገፈ። ስልኩ ፎርማት ከተደረገ ከሱሪያ ክላውድ ጋር ያለው ትስስር ይበጠሳል። ሲሙ ከተጣለ ደግሞ ኮዱ የሚሄድበት የለም። ቪዲዮዎቹ ቅርጫታቸው ውስጥ ቁልፍ እንደጠፋበት ቤት ተዘግቶባቸው ቆይተው፣ ቀናቸው ሲደርስ ማንም ሳያያቸው ይጠፋሉ።

«አላጠፋሽም» አላት፤ ድምፁ ግን እንደዚያ አላለም።

በለጡ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። «ሱቁ ቅርብ ነው፣ አሳይዎታለሁ።» መንገድ ላይም ዝም ማለት ከበዳት። «እትዬ ሱሪያን እንዴት እንዳወቅኋት ነግራዎታለች? አትክልት ተራ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ነው ያገኘችኝ። ማዳም ሰድባኝ ነበር፣ በማላውቀው ቋንቋ። ምን አለችሽ አለችኝ፣ እኔ የሰማሁትን ያህል ነገርኳት። ከዚያ በቃ፣ ቲማቲም መሃል ማዳምን አደረገቻት! አይታት እኮ አታውቅም። አፍንጫዋን እንዲህ አድርጋ። ሳቄ መጣ። አሁን ማዳም ስትጮህብኝ እትዬ ሱሪያ ነች የምትመስለኝ። ከዚያ ወዲህ አስለቅሳኝ አታውቅም።»

ኒዛር ቆመ። ሱሪያ ይህን አልነገረችውም። ከቤታቸው በር ውጭ ለማንም አድርጋ የማታውቅ ይመስለው ነበር። ለካ አንዲት የማታውቃት ልጅ ስታለቅስ አይታ፣ ያን ሁሉ የምትፈራውን የሰው ዓይን ረስታ፣ ገበያ መሃል ማዳም ሆናለች። ምን ያህሉን አላውቅ ይሆን ብሎ አሰበ።

የሙሕሲን ሱቅ ተዘግቷል። ሰዓቱ የማንም አይደለም፣ የጫት ነው። በለጡ ከጎን ያለውን የቆርቆሮ በር አንኳኩታ ጠራችው። ሙሕሲን ትራስ ላይ ክንዱን አስደግፎ፣ ጉንጩን ወጥሮ፣ ዓለም ሁሉ የተስተካከለችለት ሰው ሆኖ ተቀምጧል።

«ወንድሜ፣ ግባ ተቀመጥ» አለ።

«የዚችን ልጅ ስልክ ፈልጌ ነው።»

«ስልክ። ስልክ...» ሙሕሲን አንድ ቅጠል መርጦ ቀጠፈ፤ ኒዛር እጁን ይዞ ሊያናውጠው ዳዳው። «አዎ። ቅድም ልሰግድ ስወጣ አንዲት ልጅ መጣች። የሟች ቤተሰብ ነኝ አለች፣ አለቀሰች፣ ሰጠኋት።»

«ፎርማት አድርገኸው ነበር?»

ሙሕሲን ጠያቂውን በመገረም አየው። «በምን መብራት? ከትናንት ጀምሮ የጠፋውን አንተ ሰፈር አልጠፋም?»

ኒዛር ተመስገን ለማለት አፉን ከፈተና ዋጠው። ስልኩ እንዳለ ነው። እንዳለም ሆኖ ሀኪማ እጅ ገብቷል፤ ከሀኪማ እጅ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ቅርጫት ለመጥረግ ሁለት ጊዜ መንካት በቂ ነው። የቸኮለው ታክሲ ለማግኘት ነበር፤ ታክሲው ሁሉ ግን ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ተኝቷል። በዚያ ሐሩር በእግሩ ሮጠ። ሐዘንተኛ ሲሮጥ አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ከየጥላው ቀና ብሎ አየው።

ሲደርስ ሴቶቹ ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ታጥበው ውዱእ ለማድረግ ወደ ጓሮ ወጥተዋል። መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ማይሙና ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፣ ትንሽ፣ ቀጥ ያሉ፣ በሻሻቸው ላይ ጥቁር ሻርፕ የደረቡ። ስልኩ ፊታቸው ምንጣፉ ላይ በርቶ ተቀምጧል። ሀኪማ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ታለቅሳለች።

«ጠረጋችሁት?» አለ። ትንፋሹ አልበቃ ብሎታል።

«ተቀመጥ ልጄ። ላብህን ጥረግ።»

«እማማ፣ ይንገሩኝ። ጠረጋችሁት?»

«ሀኪማ እጄ ቢቆረጥ አልጫንም አለችኝ። እኔ ደግሞ ማንበብ አላውቅ። አንተን ጠበቅሁህ። የቱ ነው የሚያጠፋው?»

ኒዛር ተንበርክኮ ስልኩን አየ። ቅርጫቱ ተከፍቷል። ትናንሽ ምስሎች ተደርድረዋል፤ ሱሪያ በሁሉም ውስጥ አለች፣ አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ሀኪማ ሁሉንም መርጣ እዚያ ላይ ነው ያቆመችው። ከታች በፈረንሳይኛ ሁለት ቃላት አሉ፤ በግራ ማጥፋት፣ በቀኝ መመለስ።

ሰይጣን አጠገቡ ቁጭ አለ። አሮጊቷ አያነቡም። የቀኙን ‹ይሄ ነው የሚያጠፋው› ቢላቸው ይጫናሉ፤ ሁሉም ይመለሳል። ልባቸው አርፎ ድሬዳዋ ይገባሉ፣ እሱም ሚስቱን ያገኛል። ሀኪማም ያሰበው ሳይገባት አልቀረም፤ ልቅሶዋን አቁማ አየችው። ምን ይጎዳል? ግን እኚህ ሴት ልጃቸውን በገዛ እጃቸው ያጠቡ ናቸው፤ እዚህ ያስቀመጣቸውም እሱ ይመጣልና ይነግረኛል የሚል እምነት ነው።

«በግራ ያለው ያጠፋል» አለ። «በቀኝ ያለው ይመልሳል።»

ማይሙና ጣታቸውን ዘረጉ። ጣቱ ከስልኩ በላይ ቆመ።

«እኔ ነኝ ያጠብኳት» አሉ። «ፀጉሯን ሦስት ቦታ ጎነጎንኩ። አንዲት ዘለላ እንዳትታይ አድርጌ ሸፈንኳት፤ ለጌታዋ እንደዚያ አድርጌ ነው ያስረከብኳት። ቤት ስመለስ ስልኳን ሀኪማ ከፈተችው። ያ የሸፈንኩት ፀጉር እንዳለ ተበትኗል፣ ልጄ ትስቃለች። እንደገና ያልተገነዘች መሰለኝ። ገባህ?»

«ገባኝ፣ እማማ።»

«ከገባህ ለምን ትከራከረኛለህ?»

«ለኢማን ነው። ፊቷን ከሰርጉ ፎቶ ታያለች፤ እዚያ ተሸፍናለች። ድምፅዋ ግን ሌላ የትም የለም። ከረሳችው ረሳችው ነው።»

«ሰው ሳይሰማ ያድጋል። እኔ አድጌ የለም?»

ኒዛር ይህን ያውቃል፤ ሱሪያ ነግራው ነበር። መጠየቁ ጭካኔ እንደሆነ እየተሰማው ጠየቀ። «እርስዎ የእናትዎ ድምፅ ትዝ ይልዎታል?»

የማይሙና ጣት ወደ ጭናቸው ተመለሰ። ከጓሮ የውሃ መቅጃው ጣሳ ይሰማል።

«ጡት ሳልጥል ነው የሞተችው» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ ‹እናትሽ እንዲህ ነበረች፣ እንዲያ ነበረች› ሲለኝ ኖርኩ። እኔ ግን ኮቴዋን አላውቀው። ስሜን እንዴት ትጠራው እንደነበር አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ እንኳን... ተወው።» ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «ምን ብላ ነው የምትስቀው?»

እዚህ ላይ ኒዛር ፈራ። ግን አንዴ እውነት ተናግሯል፤ መንገዱ አንድ ነው። «የላይኛው ላይ እርስዎን ነው የምታደርገው።»

«እኔን?»

«እርስዎን። ሲጠሯት።»

ማይሙና ፊታቸው ቀላ፤ ሀኪማ ዓይኗን ጨፈነች። «እናቷን መሳቂያ?»

«ሰምተው ይፍረዱ። ካልተመለሰ አይከፈትም፤ አንዱን ብቻ ልመልስ። ካስከፋዎት የግራውን እኔ ራሴ እጫናለሁ። ሁሉንም።»

«ወላሂ በል።»

ኒዛር ወደ ስልኩ አየ። ተደርድረው አፍ ከፍተው የሚስቁትን ሁሉ። «ወላሂ» አለ።

«ምስሏን ግን አላይም።»

ማይሙና የደረቡትን ጥቁር ሻርፕ አወለቁ። ኒዛር አንዱን ብቻ መርጦ የቀኙን ነካ፤ ቪዲዮው ከቅርጫቱ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። ሊያስጀምረው ሲል አሮጊቷ ሻርፑን ስልኩ ላይ ጣል አድርገው ዙሪያውን ከፈኑት። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ጨርቁ ላይ አኖሩ። እሱም ከሥሩ እጁን አስገብቶ ነካው።

«ሱሪያ! አንቺ ሱሪያ!» አለ ሻርፑ።

የማይሙና ድምፅ ነው። መጨረሻው ላይ የሚሰበረው፣ ሰው የሚጠራ ሳይሆን ከጣሪያ ላይ እርግብ የሚያባርር የሚመስለው፣ የራሳቸው ድምፅ። «ሽንኩርቱ አረረ፣ ልጅቷ አለቀሰች፣ አዛን ወጣ፣ እሷ ግን የለችም! ጆሮዋን ድሬ ረስታው ነው ጅቡቲ የሄደችው? ሱሪያ ሆይ!»

ከዚያ ዝም አለ። ሱሪያ እናቷ መልስ ስትጠብቅ ዝም እንደምትለው፣ ልክ ያንን ያህል ዝም አለች።

«አቤት» አሉ ማይሙና።

ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው። ሀኪማ አፏን ያዘች። ከሻርፑ ሥር ሳቅ ፈነዳ፣ አሁን የሱሪያ የራሷ ሳቅ፤ ሳቁም እያጠረ ሄደና በራሷ ድምፅ፣ ለሰው ሳይሆን ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ «ያ አላህ፣ እንዴት ናፈቀችኝ» አለች። «ኒዛር፣ አትሳቅብኝ እሺ? ድምፅዋ ሲናፍቀኝ ነው የማወጣው። ሌላ ከየት አመጣዋለሁ?»

ማይሙና ከጨርቁ ላይ አልተነሱም። ትከሻቸው ብቻ ይነሳል፣ ይወርዳል፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ኒዛር መለየት አልቻለም፤ እሱም ራሱ የቱን እንደሚያደርግ አላወቀም። ቪዲዮው አልቆ ከመጀመሪያው ጀመረ። «ሱሪያ! አንቺ ሱሪያ!»

ከበሩ የባዶ እግር ሩጫ ተሰማ። ኢማን የማን እንደሆነ የማይታወቅ ትልቅ ጫማ በእጇ እንዳንጠለጠለች ገባች። ማንንም አላየችም። ጫማውን ጣለች፣ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች፣ በሆዷ ተኝታ ጉንጯን መሬት ላይ አድርጋ የሻርፑን ጠርዝ በጣቶቿ ቆነጠረች።

ኒዛር እጇን ሊይዝ ተንቀሳቀሰ። ማይሙና ቀደሙት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሻርፑን ጫፍ ለልጅቷ ከፍ አድርገው ያዙላት።